ሥራችሁ ስንት ቦታ ተቀምጧል?

የዚህ ዓመታዊ መጽሔት አዘጋጆች ኮሌጅ ለሚገቡ ተማሪዎች ስለ ቴክኖሎጂ ምክር እንድጽፍ ሲጠይቁኝ ምን ላይ እንደማተኩር ለመወሰን አልተቸገርኩም። ወላጆች ብዙ ጊዜ የሚጠይቁን «የትኛውን ላፕቶፕ ልግዛለት? ስንት ራም ያለው?» እያሉ ነው። እኛ አዲስ አበባ ያለን የኮሌጅ መምህራን ግን ስለ አዲስ ገቢዎች ስናወራ የላፕቶፕ ዓይነት አንስተን አናውቅም። የምናነሳው፣ ተማሪው የሠራው ሥራ የት እንዳለ አለማወቁን ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ ማስረከቢያ ቀን ሲደርስ በየዓመቱ «መምህር፣ ፍላሼ አልከፍት አለኝ» ብሎ የሚመጣ አይጠፋም። አብዛኛውን ጊዜ እውነቱን ነው፤ ፍላሽ ይበላሻል። የሚገርመኝ የአራት ወር ልፋት አንዲት አውራ ጣት በምታክል ዕቃ ላይ ብቻ መቀመጡ ነው።

ይህ በተማሪ ላይ ብቻ የሚደርስ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1998 አሜሪካ የሚገኘው ፒክሳር የተባለው የካርቱን ፊልም ድርጅት «ቶይ ስቶሪ 2»ን እየሠራ ሳለ፣ በስህተት በተሰጠ የማጥፊያ ትእዛዝ የፊልሙ አብዛኛው ፋይል ከኮምፒውተሮቹ ተሰረዘ። መጠባበቂያ ቅጂ ነበራቸው። ሊጠቀሙበት ሲሞክሩ ግን መጠባበቂያው በትክክል ሲሠራ እንዳልቆየ ታወቀ። ያዳናቸው ጋሊን ሰስማን የተባለች ባልደረባቸው ቤቷ የያዘችው ቅጂ ነው። ወልዳ ስለነበር ከቤቷ ሆና እንድትሠራ ኮምፒውተር ተሰጥቷት ነበር። ያንን ኮምፒውተር በብርድ ልብስ ጠቅልለው፣ እንደ ታማሚ በመኪና ጭነው ወደ ቢሮ ወሰዱት። ልብ በሉ፦ ፊልሙን ያተረፈው የቅጂው ብዛት ሳይሆን አንዱ ቅጂ ሌላ ቤት መገኘቱ ነው።

ፒተር ክሮግ የተባለ ፎቶ አንሺ ያስፋፋውና ባለሙያዎች ዛሬም የሚጠቀሙበት ደንብ አለ፦ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ ላይ፣ አንዱ ከቤት ውጭ። ለተማሪ ሲተረጎም አንዱ በላፕቶፕ፣ አንዱ በፍላሽ፣ አንዱ በኢንተርኔት ላይ ማለት ነው። ላፕቶፕ የሌለው ተማሪ በሞባይሉ ይተካዋል። ጎግል ድራይቭ 15 ጊጋባይት በነፃ ይሰጣል፤ ይህ ለጽሑፍ ሥራ ከበቂ በላይ ነው። ቴሌግራም ላይ ለራሳችሁ የምትልኩበት «ሴቭድ ሜሴጅስ» የሚባለው ቦታም ያገለግላል። ፍላሹን ከላፕቶፑ ጋር በአንድ ቦርሳ የሚይዝ ተማሪ ግን ሁለት ቦታ አስቀምጫለሁ ማለት አይችልም። ቦርሳው ከጠፋ ሁለቱም ጠፉ።

ደግሞ እናንተ ያላችሁት ጅቡቲ ነው። የሞባይልና የላፕቶፕ ባትሪ ከ35 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ሲሠራ ቶሎ ያረጃል። የከተማችሁ የክረምት ቀን ደግሞ 40ን ያልፋል፤ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ከዚያም የባሰ ነው። ዕቃው መሞቱ ካልቀረ ሥራችሁ አብሮት እንዳይሞት ነው ጥንቃቄው።

አሁን ለእናንተ ከሁሉ ይበልጥ የሚያስፈልገውን ልንገራችሁ፤ አገር ለሚቀይር ተማሪ የተለየ አደጋ ስላለ ነው። ከጅቡቲ ወደ እኛ የሚመጡ ልጆች ኢሜይላቸውን የከፈቱት በ253 በሚጀምረው ስልክ ነው። አዲስ አበባ ሲደርሱ ሲም ካርድ ይቀይራሉ፤ ስልካቸውም በ251 ይጀምራል። አንድ ቀን በሌላ ኮምፒውተር ኢሜይላቸውን ለመክፈት ሲሞክሩ ጎግል «በስልክህ የላክሁልህን ቁጥር አስገባ» ይላል። ቁጥሩ የተላከው ጅቡቲ መሳቢያ ውስጥ ወደ ቀረው ሲም ነው። የይለፍ ቃሉን ቢያስታውሱት እንኳ በሩ ላይከፈት ይችላል። ቴሌግራምም ከነአካቴው የታሰረው በስልክ ቁጥር ነው።

መፍትሔው ከመሄዳችሁ በፊት፣ የድሮው ሲም ገና በእጃችሁ ሳለ የሚሠራ ነው። የጎግል አካውንታችሁ ውስጥ «ሴኩሪቲ» የሚለውን ክፈቱና የወላጅ ወይም የሌላ የምታምኑት ሰው ኢሜይል መመለሻ አድርጋችሁ መዝግቡ። ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ የምትጠቀሙ ከሆነ ጎግል አሥር የመጠባበቂያ ቁጥሮች ይሰጣችኋል፤ እያንዳንዳቸው ስምንት አሃዝ አላቸው። በወረቀት ጽፋችሁ ከፓስፖርታችሁ ጋር አኑሯቸው። አንዱ ቁጥር የሚሠራው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። አዲሱን ሲም እንዳወጣችሁ ቴሌግራም ላይ «ቼንጅ ነምበር» በሚለው ቁጥሩን ቀይሩ፤ የቆየ መልእክታችሁና ፋይላችሁ አብሯችሁ ይሄዳል። ሲሙን ጥላችሁ አዲስ አካውንት ከከፈታችሁ ግን የድሮው እዚያው ይቀራል።

ስለ ፍላሽ ትንሽ ልጨምር። ኮምፒውተር ቤት አሳይመንት ፕሪንት አድርጎ የተመለሰ ተማሪ ፍላሹን ሲከፍት ፎልደሮቹ ሁሉ ጥግ ላይ ትንሽ ቀስት አውጥተው ያገኛቸዋል። «ሾርትከት ቫይረስ» የምንለው ነው። አብዛኛው ተማሪ ሥራው ጠፋ ብሎ ፍላሹን ፎርማት ያደርጋል፤ በዚህም ሥራውን በገዛ እጁ ያጠፋዋል። ቫይረሱ ብዙውን ጊዜ ፋይሉን አያጠፋም፤ ይደብቀውና በቦታው የውሸት ፎልደር ያስቀምጣል። የውሸቱን ስትነኩት ደግሞ የሚነሣው ቫይረሱ ራሱ ስለሆነ አትንኩት። የፍላሹን «ፕሮፐርቲስ» ከፍታችሁ ምን ያህል ቦታ እንደተያዘ እዩ፤ እንደ ቀድሞው ከሆነ ሥራችሁ እዚያው አለ። አንቲቫይረስ ባለው ኮምፒውተር፣ የተደበቁ ፋይሎችን የማሳየት ምርጫን በሚያውቅ ሰው እርዳታ አውጥታችሁ ሌላ ቦታ ገልብጡት፤ ፎርማት የሚደረገው ከዚያ በኋላ ነው። በስህተት የሰረዛችሁት ፋይልም ቢሆን ወዲያው አይጠፋም፤ ኮምፒውተሩ ቦታውን «ነፃ ነው» ብሎ ይመዘግባል እንጂ። ስለዚህ በዚያ ፍላሽ ላይ ሌላ ነገር አትጫኑበት፤ የሚያወጣላችሁ ባለሙያ ፈልጉ።

ፋይሉ ሳይጠፋ የማይነበብበት ሁኔታም አለ፤ ይህ በአማርኛ ለምንጽፍ ሰዎች የተጻፈ ዕጣ ይመስላል። ተማሪው አሥር ገጽ በአማርኛ ጽፎ ይልካል፤ እኔ ዘንድ ሲከፈት የእንግሊዝኛ ፊደልና የነጥብ መዓት ይሆናል። ምክንያቱ ቀላል ነው። የቆዩት የአማርኛ ፎንቶች ኮምፒውተሩ ውስጥ የሚያስቀምጡት የእንግሊዝኛውን ፊደል ኮድ ነበር፤ ፎንቱ በላዩ ላይ የግዕዝ መልክ ይስልበታል። ፎንቱ የሌለው ኮምፒውተር ላይ መልኩ ይገፈፍና ውስጡ ይታያል። የግዕዝ ፊደል የራሱን ኮድ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ነው። ሞባይላችሁ ላይ የምትጽፉት ሁሉ ዩኒኮድ ስለሆነ ችግር የለበትም። ኮምፒውተር ላይ ግን ፓወር ግዕዝ የምትጠቀሙ ከሆነ የመረጣችሁት ፎንት ስም ውስጥ «ዩኒኮድ» የሚል መኖሩን እዩ። መፈተኛው የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፦ አንድ መስመር ገልብጣችሁ ቴሌግራም ላይ ለጥፉ። አማርኛ ሆኖ ከታየ ዩኒኮድ ነው፤ የማይገባ ፊደል ከሆነ በአሮጌው ነው የጻፋችሁት። ለመምህር ስትልኩ ደግሞ ፒዲኤፍ አድርጉት፤ ፎንቱን አብሮ ይዞ ስለሚሄድ እኔ ዘንድም እናንተ ያያችሁት ነው የሚታየው። ዋናውን የዎርድ ፋይል ግን አትሰርዙ፤ እርማት ሲመለስላችሁ የምትሠሩት በእሱ ላይ ነው።

የፋይል ስም ላይ ብዙ አልልም። «ዶክመንት 7» ብሎ የሚልክ ተማሪ ስሙን ሳይጽፍ ፈተና እንዳስረከበ ቁጠሩት። ስም፣ የትምህርቱ ዓይነት፣ ቀን፤ ይበቃል።

የጀመራችሁትን ረቂቅ አትጣሉ። ቻት ጂፒቲ ከመጣ ወዲህ መምህራን «ይህን ራስህ ነው የጻፍከው?» ብለን መጠየቅ አብዝተናል፤ አንዳንዴም ያለ አግባብ እንጠረጥራለን። ያን ጊዜ የሚከራከርላችሁ ረቂቁ ነው። ጎግል ዶክስ ላይ የጻፈ ተማሪ «ቨርዥን ሂስትሪ» የሚለውን ከፍቶ ሰኞ የጻፈውን፣ ረቡዕ የሰረዘውን፣ ዓርብ ያስተካከለውን ያሳየኛል። ዎርድ ላይ የምትጽፉ ደግሞ ትልቅ ለውጥ ባደረጋችሁ ቁጥር በአዲስ ቁጥር ሴቭ አድርጉ።

ወላጆችም አንድ ነገር አለባችሁ። በብዙ ቤት አንድ ሞባይል ለአራት ልጅ ነው፤ ሲሞላ አባት ወይም እናት ማጽዳት ይጀምራሉ። ከማጽዳታችሁ በፊት ልጆቹን ጥሩና የየራሳቸውን ያሳዩዋችሁ። «ዳውንሎድ» የሚለው ፎልደር ውስጥ ቆሻሻ የሚመስለው ነገር የታላቅየው የፊዚክስ ማስታወሻ ሊሆን ይችላል።