ቲታን ላይ ያለው አባያ

አባያ በሳተርን ትልቋ ጨረቃ በቲታን ሰሜናዊ ዋልታ አካባቢ የሚገኝ ሐይቅ ነው። ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት የቲታንን ሐይቆች በምድር ሐይቆች ስም ስለሚሰይም፣ ይኼኛው የደቡብ ኢትዮጵያውን አባያ ስም ይዟል። ርዝመቱ 65 ኪሎ ሜትር ነው፤ የደብረ ብርሃንና የአሊዩ አምባ ከተሞች በቀጥታ መስመር ከሚራራቁት እጥፍ ገደማ መሆኑ ነው። ውኃ ግን የለበትም። ቲታን ላይ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 179 ዲግሪ ሴልሺየስ ስለሚደርስ ውኃ ዐለት ሆኖ ይኖራል፤ የሚዘንበው፣ የሚፈሰውና የሚጠራቀመው ምድር ላይ በጋዝነታቸው የሚታወቁት ሚቴንና ኢቴን ናቸው።

ሳተርን ከአሊዩ አምባ ሰማይ ላይ በባዶ ዓይን ይታያል፤ ቲታንን ለማየት አነስተኛ ቴሌስኮፕ ይበቃል። ሐይቁን ማየት ግን በትልቁም ቴሌስኮፕ አይቻልም። ቲታን ወፍራም ብርቱካናማ ጭጋግ ለብሳለች። ሐይቆቹን የገለጠችው በ1997 እ.ኤ.አ. የመጠቀችውና ከ2004 እስከ 2017 ሳተርንን የዞረችው ካሲኒ የተባለች መንኩራኩር ናት፤ እርሷም ብትሆን በዋናነት ያየቻቸው በካሜራ ሳይሆን በራዳር ነው። የራዳር ሞገድ ጭጋጉን ዘልቆ ይወርዳል፤ ሸካራ መሬት ላይ ሲያርፍ ከፊሉ ወደ መንኩራኩሯ ስለሚመለስ ቦታው በምስሉ ላይ ይነጣል፤ ለስላሳ ፈሳሽ ላይ ሲያርፍ ግን ወደ ሌላ አቅጣጫ ስለሚነጥር ቦታው ይጠቁራል። በ2006 ከሰሜኑ ዋልታ በመጡት ምስሎች ላይ የታዩት ጥቋቁር ነጠብጣቦች ሐይቆች መሆናቸው የታወቀው በዚህ መንገድ ነው።

ካሲኒ ከላከቻቸው ከ450 ሺህ በላይ ምስሎች ውስጥ ሰው ሁሉ የሚያደንቃቸው በካሜራ የተነሱት ናቸው። ካሜራዎቿ የሚያነሱት ጥቁርና ነጭ ነበር፤ ቀለሙ የሚገኘው በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ማጣሪያ ተራ በተራ የተነሱትን ምድር ላይ በማዋሃድ ነው። ኤንሴላደስን የመሰለ የለም። ስፋቷ 504 ኪሎ ሜትር ብቻ የሆነችው ይህች በረዷማ የሳተርን ጨረቃ ፀሐይን ከኋላዋ አድርጋ ስትነሳ፣ ከደቡብ ዋልታዋ የሚፈነጥቀው የበረዶ ብናኝና እንፋሎት ጥርት ብሎ ይታያል። የሚወጣባቸው አራት ረጃጅም ስንጥቆች ከአንድ ሺህ አንድ ሌሊት ተረቶች በተወሰዱ ስሞች ካይሮ፣ ባግዳድ፣ ደማስቆና እስክንድርያ ይባላሉ። መንኩራኩሯ በብናኙ መካከል አልፋ ጨው ስላገኘችበት፣ ከበረዶው ሥር ጨዋማ ውቅያኖስ እንዳለ ታመነ። በውበት ከተመዘነ የራዳሩ አባያ ከዚህ አጠገብ አይቆምም፤ ከምድር ሌላ ገጹ ላይ ፈሳሽ የተኛበት ዓለም እንዳለ ያሳየው ግን እርሱና መሰሎቹ ናቸው።

ነዳጇ ሲያልቅ ካሲኒ ከምድር የሄዱ ረቂቅ ሕዋሳት ይዛ ኤንሴላደስ ወይም ቲታን ላይ እንዳትወድቅ ተሰግቶ፣ መስከረም 2017 ላይ ሆን ተብሎ ወደ ሳተርን ተነዳች። ቀጣዩ የቲታን ጉዞ ድራጎንፍላይ ሲሆን ናሳ በ2028 ሊያስነሳው አቅዷል። የሚያርፈው ግን በቲታን ወገብ አካባቢ፣ የአሸዋ ክምሮች ባሉበት ደረቅ ስፍራ ስለሆነ የሰሜኑን ሐይቆች አይጎበኝም።