መርዙን በቀለም የሚያጋልጥ ኬሚስትሪ

ከጎንደር ገጠር ወጥተው አሽዶድ የከተሙ አባቶችና እናቶች ጓያን በደንብ ያውቁታል። ሌላው አዝመራ በድርቅ ሲከዳ ሕይወት የሚያተርፍ እህል ነው፤ ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን ግን እግር ያሽመደምዳል። ሽባነቱም አይድንም። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ማብቂያ በኢትዮጵያ ደላንታ ዳውንት ወረዳ ድርቅ ባስከተለው ረሃብ ብዙ ሰዎችን ያንካሰሰው ይኸው ጓያ ነው።

ጠንቁ ኦዳፕ የሚባል አሚኖ አሲድ ነው፤ የሕንድ ተመራማሪዎች በ1964 እ.ኤ.አ. ከፍሬው ለይተው አውጥተውታል። መለካቱ ግን ቀላል አልነበረም። ኦዳፕ ቀለም የለውም፣ ብርሃንንም እምብዛም አይውጥም፤ ስለዚህ የመለኪያ መሣሪያ በጓያ ዱቄት ውስጥ ካሉ ሌሎች ንጥረ ነገሮች ለይቶ ሊያየው አይችልም። የኬሚስቶች መላ ዴሪቫታይዜሽን ይባላል። የሚፈለገውን ንጥረ ነገር ከሌላ ኬሚካል ጋር በማጣመር መሣሪያው ወደሚያየው መልክ መለወጥ ነው። በአትሌቶች ሽንት ውስጥ የተከለከሉ ስቴሮይዶች ሲፈለጉም፣ በቀላሉ እንዲተኑ ለማድረግ ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል።

ለጓያ የታወቀው ዘዴ በ1978 እ.ኤ.አ. ራዎ የተባሉ ሕንዳዊ ሳይንቲስት ያሳተሙት ነው። ከዱቄቱ በአልኮልና በውኃ የወጣው ፈሳሽ በጠንካራ አልካሊ ይፈላል፤ ኦዳፕም ዳያሚኖፕሮፒዮኒክ አሲድ ወደሚባል ውሁድ ይለወጣል። ከዚያ ኦርቶፍታልዴሃይድ ሲጨመርበት ቢጫ ይሆናል። ስፔክትሮፎቶሜትር የተባለ የብርሃን መለኪያ የቢጫውን ጥንካሬ በ420 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ላይ ያነባል፤ ቢጫው በጠነከረ ቁጥር ኦዳፑ በዝቷል ማለት ነው።

ዘዴው ርካሽ ስለሆነ ብዙ ናሙና ለሚመረምሩ የዝርያ ማሻሻያ ቤተ ሙከራዎች ይመቻል። ነገር ግን አንድ ጉድለት አለበት። ኦዳፕ አልፋና ቤታ የሚባሉ ሁለት መልኮች አሉት፤ ዋናው መርዝ ቤታው ነው። አልካሊው ሁለቱንም ወደ አንድ ውሁድ ስለሚለውጣቸው ቢጫው የሚያሳየው ድምራቸውን ነው። ጓያ ሲበስል ደግሞ ከቤታው የተወሰነው ወደ አልፋ ይለወጣል። ስለዚህ ማብሰል ምን ያህል መርዝ እንደቀነሰ ለማወቅ ሁለቱን ለያይቶ የሚለካ መንገድ ያስፈልጋል። ተመራማሪዎች ኦዳፕን ከፌኒልአይሶታዮሳያኔት ጋር አጣምረው በፈሳሽ ክሮማቶግራፊ የሚለዩት ለዚህ ነው።

ዝቅተኛ ኦዳፕ ያለው ዝርያ የሚመረጠው በእነዚህ ልኬቶች ነው። ዓይን መርዛማውን ፍሬ ከሌላው አይለይም፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ዝርያ ለገበሬ ከመድረሱ በፊት መለካቱ የሕይወት ጉዳይ ነው። በአሽዶድ ሮቫ ቴት ቫቭ ሰፈርም ሆነ በጎንደር ሽሮ የምትገዙ፣ ጓያ ገብቶበት እንደሆነ ጠይቁ። ጓያ ካለበት ከሌላ እህል ጋር ተመገቡት፤ ብቻውን ለወራት የዕለት ምግብ አታድርጉት።