መርፌዋ ስንት ላይ ነበረች?

ከማታ ተማሪዎቻችን አንዱ ሞተረኛ ነው። ቀን ከከተማ ወደ ገጠር ሰው ያመላልሳል። ማታ ደብተሩን ይዞ ይመጣል። በአንድ ሳምንት ግን ሦስት ቀን ቀረብን። በአራተኛው ቀን ክንዱን በነጠላ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ መጣ። ግንባሩም ተልጧል።

«ምን አገኘህ ልጄ?» አሉት ከፊት የሚቀመጡት እናት።

«ላም ገባችብኝ፣ እማማ። ምን ይደረግ? ዕድሌ ነው።»

«ስንት እየነዳህ ነበር?» አልነው።

«ቁጥሩን ማን አይቶት! ብቻ መርፌዋ ቀጥ ብላ ቆማ ነበር።»

በማግሥቱ ወንድሙ ሞተሯን እየገፋ አመጣልን። ትምህርቱን እሷው አጠገብ አደረግነው። ሞተረኛው የፍጥነት መለኪያዋን እያየ 20፣ 40፣ 60 ብሎ አነበበ። መርፌዋ ቀጥ ብላ የምትቆመው 60 ላይ ነው። ተማሪዎቹ አጨበጨቡለት። እኛም «60 ምን ማለት ነው?» ብለን ጠየቅን።

ሰሌዳ ላይ አሰላነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ማለት በደቂቃ 1 ኪሎ ሜትር ነው። 1 ኪሎ ሜትር 1000 ሜትር ነው። ይህን ለ60 ሰከንድ ስናካፍለው በአንድ ሰከንድ 17 ሜትር ያህል ይሆናል። ሰው ላሟን አይቶ እጁ ፍሬን እስኪይዝ አንድ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። በዚያች ሰከንድ ሞተሯ ያለ ፍሬን 17 ሜትር ትሮጣለች ማለት ነው።

ወደ ግቢው ወጣን። ሞተረኛው ላሟ ስትገባ የነበረውን ርቀት ገምቶ ድንጋይ አስቀመጠ። ስንለካው 18 ሜትር ሆነ። 17ኛው ሜትር ላይ ሲቆም ድንጋዩ እግሩ ሥር ነበር። ዝም አለ።

ቀጥሎ በ30 አሰላን። በሰከንድ 8 ሜትር ያህል ነው። ለመቆም ገና 10 ሜትር ይተርፈው ነበር። ደግሞም ፍጥነት በግማሽ ሲቀንስ፣ ፍሬን ከተያዘ በኋላ ለመቆም የሚፈጀው ርቀት ወደ ሩብ ይወርዳል። የላሟ መግባት በእሱ እጅ አልነበረም። ፍጥነቱ ግን በእጁ ነበር።

«ሄልሜትህስ?» አልነው። ለካ ከኋላ አስሮት ኖሯል! «ሞት ከመጣ ቆብ ያድናል እንዴ?» ያሉም ተማሪዎች ነበሩ።

ይህን ጥያቄ አንድ ሐኪም ከብዙ ዘመን በፊት መርምሮታል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1935 ሎውረንስ የተባለ ዝነኛ የእንግሊዝ መኮንንና ደራሲ በሞተር ይሄድ ነበር። ብስክሌት የያዙ ሁለት ልጆችን ላለመግጨት ሲል ወደቀ። ሄልሜት አላደረገም። ጭንቅላቱ ተጎድቶ ከ6 ቀን በኋላ ሞተ። ካዩት ሐኪሞች አንዱ ሂው ኬርንስ ይባላል። ይህ ሐኪም በኋላ የሞተረኞችን የጭንቅላት ጉዳት አጥንቶ በ1941 ጽሑፍ አወጣ። በዚያው ዓመት የእንግሊዝ ጦር ሞተረኞቹ ሄልሜት እንዲያደርጉ አዘዘ። በ2008 ብዙ ጥናቶች ተሰብስበው ሲመዘኑም፣ ሄልሜት በአደጋ ጊዜ ሞትን በ42 ከመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 ከመቶ እንደሚቀንስ ታይቷል። ሁሉን ሰው አያድንም። ብዙ ሰው ግን ያድናል። ማሰሪያው አገጭ ሥር ካልታሰረ ወልቆ ይበራል።

ሞተረኛ ወገኖቻችን ሆይ፦

ጠዋት ሳትነሡ ጎማውን፣ ፍሬኑንና መብራቱን እዩ።

የፊቱንና የኋላውን ፍሬን አብራችሁ፣ ቀስ በቀስ እያጠበቃችሁ ያዙ። የበለጠ የሚያቆመው የፊቱ ነው። በድንገት ከጨመቃችሁት ግን ይጥላችኋል።

ጠጠር፣ ጭቃና ኩርባ ላይ ሳትደርሱ ፍጥነት ቀንሱ።

ቀንም ቢሆን የፊት መብራት አብሩ። ሞተር ትንሽ ስለሆነች የመኪና ነጂ ቶሎ አያያትም።

ጠጥታችሁ አትንዱ።

ከኋላ የተፈናጠጠው ሰው ነፍሱን አደራ ሰጥቷችኋል። አንድ ሰው ብቻ ጫኑ። ለእሱም ሄልሜት ያዙለት።

የተማሪያችን ክንድ አሁን ድኗል። ትናንት ማታ ሞተሩን ሳያስነሣ በፊት ሄልሜቱን ሲያስር አየነው። እናትየዋም «መርፌዋን አደራ!» አሉት።

«ከብት ባለበት መንገድ ከ30 አላልፍም፣ እማማ» አላቸው።

ጥያቄ፦ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሞተረኛ በአንድ ሰከንድ ስንት ሜትር ይሄዳል? አስሉና ለሞተረኛ ጎረቤታችሁ ንገሩት። መልሱ 11 ሜትር ያህል ነው።