ግበበ ምድር፡ መደበቂያ ወይስ መካነ ዕረፍት?



በሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናትን ሳስተምር፣ የዘመነ ሰማዕታት ታሪክ ላይ በደረስሁ ቁጥር «የሮም ክርስቲያኖች የነገሥታቱን ሰይፍ ሸሽተው በግበበ ምድር ይኖሩ ነበር» እል ነበር። እኔም የተማርሁት እንዲሁ ነው። ወደ ሮም ተጉዤ በጥንታዊው የአፒያ መንገድ ዳር ወደሚገኘው የቅዱስ ካሊስቶስ ግበበ ምድር በወረድሁ ጊዜ ግን ትምህርቴ መታረም እንዳለበት ተረዳሁ።

ደረጃውን የሚወርደውን ሰው መጀመሪያ የሚቀበለው ቅዝቃዜው ነው። ከላይ የበጋው ፀሐይ ቢያቃጥልም ከታች አየሩ ዓመቱን ሙሉ ቀዝቃዛና እርጥብ ነው። ያለ አስጎብኚ መግባት አይፈቀድም፤ መተላለፊያዎቹ በአራት ደርብ እየተጠላለፉ ወደ 20 ኪሎ ሜትር ስለሚደርሱ ብቻውን የገባ መውጫው ይጠፋዋል። ዐለቱ ከእሳተ ገሞራ አመድ የተፈጠረ ነው። ሲቆፈር ለስላሳ ሆኖ፣ አየር ሲያገኘው ይጠነክራል። በግራና በቀኝ ግድግዳው እንደ መደርደሪያ ተፈልፍሏል። በድኑ በከፈን ተጠቅልሎ በዚያ ይገባና በእብነ በረድ ወይም በሸክላ ይከደናል። ከእነዚህ መካከል ከአንድ ክንድ ብዙም የማይበልጡ አሉ፤ የሕፃናት መቃብሮች ናቸው።

በእንዲህ ያለ ስፍራ ማን ሊኖር ይችላል? ብርሃን የለም፤ በዚያ ዘመን ደግሞ የሬሳው ሽታም ነበር። ምሥጢርም አልነበረም። የሮም ሕግ በከተማው ውስጥ መቅበርን ይከለክል ስለነበር፣ የመቃብር ስፍራዎች ሁሉ ከቅጥሩ ውጭ በአውራ ጎዳናዎች ዳር ነበሩ፤ ሹማምንቱም ያውቋቸዋል። አይሁድም በዚያው አካባቢ የራሳቸው ግበበ ምድር ነበራቸው። እንዲያውም ንጉሥ ቫለሪያኖስ በ257 ዓ.ም. (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ክርስቲያኖች ወደ መቃብራቸው እንዳይገቡ ከለከለ። በማግሥቱ ዓመት የሮሙ ጳጳስ ሲክስጦስ ከዲያቆናቱ ጋር በዚያው በመቃብሩ ስፍራ ተይዞ ተገደለ። መደበቂያ ቢሆን ኖሮ ንጉሡ በዐዋጅ ባልዘጋው ነበር።

ታዲያ ሞት እንደሚያስከትል እያወቁ ለምን ሄዱ? መልሱ በስሙ ውስጥ አለ። «ካታኮምብ» የሚለው ስም በመጀመሪያ የአንድ ስፍራ መጠሪያ ብቻ ነበር። ክርስቲያኖቹ ራሳቸው ይሉት የነበረው ከግሪክ ቋንቋ በተወሰደ ቃል «የመኝታ ስፍራ» ነበር። እኛም ዛሬ ክርስቲያን «ሞተ» ከማለት ይልቅ «አረፈ» ወይም «አንቀላፋ» እንላለን። የተኛ ሰው ደግሞ ይጠበቃል እንጂ አይተውም። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን ለመቃብሩ ኀላፊ ሾመችለት፤ ካሊስቶስ ጳጳስ ከመሆኑ አስቀድሞ በዚህ ኀላፊነት ላይ የነበረ ዲያቆን ነው። (ዲያቆን ለሆነ ተጓዥ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።) ድኾችም በክብር እንዲቀበሩ የቤተ ክርስቲያን ገንዘብ ይወጣ ነበር።

በግድግዳዎቹ ላይ ያሉት ሥዕሎችም የፍርሃት ሥዕሎች አይደሉም። ዮናስ ከዓሣ አንበሪው ሆድ ሲወጣ፣ አልዓዛር ሲነሣ፣ መልካሙ እረኛ በግ ተሸክሞ ይታያሉ። በሌላው፣ በጵርስቅላ ግበበ ምድር፣ ሠለስቱ ደቂቅ በእቶኑ መካከል እጃቸውን ዘርግተው ቆመዋል። በዚያው እመቤታችን ልጇን ታቅፋ የምትታይበት፣ ከጥንታውያኑ ሁሉ ቀደምት ከሚባሉት አንዱ የሆነ ሥዕል ይገኛል።

ስደቱ ካለፈ በኋላም ምእመናን መሄዳቸውን አልተዉም። ቅዱስ ሄሮኒሞስ በሮም ተማሪ ሳለ በሰንበት ቀናት ከጓደኞቹ ጋር ወደ ሰማዕታቱ መቃብር ይወርድ እንደነበር ጽፏል፤ ጨለማው በሕይወት ሳለ ወደ ሲኦል የወረደ ያህል አስፈርቶታል። ኋላ ግን በ8ኛውና በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዐፅሞቹ በከተማው ውስጥ ወዳሉ አብያተ ክርስቲያናት ፈለሱ፤ ስፍራውም ተረሳ። የጳጳሳቱን የመቃብር ክፍል በ1854 ዓ.ም. ፈልጎ ያገኘው ጆቫኒ ባቲስታ ዴ ሮሲ የተባለ ተመራማሪ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የነካው ግን ጥቂት ራቅ ብሎ በቅዱስ ሰባስትያኖስ ያለው ነው። በዚያ በ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሠራ፣ ምእመናን ለሙታን መታሰቢያ ማዕድ የሚቀርቡበት አዳራሽ ተገኝቷል፤ እኛ ተዝካር ወይም ዝክር የምንለው ነው። ግድግዳው በስለት በተጫሩ በመቶ የሚቆጠሩ ጽሑፎች ተሞልቷል። ከጸሐፊዎቹ ብዙዎቹ ሊቃውንት አይደሉም፤ ፊደላቸው የተጣመመ ነው። አንዱ ጳውሎስንና ጴጥሮስን ስለ ቪክቶር እንዲለምኑ ይማጸናል። ቪክቶር ማን እንደሆነ የሚናገር ሌላ ቃል የለውም።