የግል ጦማር ማተሚያ ሶፍትዌር ሳይመረጥ አስቀድሞ መሞከር ስላለው ጥቅም

ነጋዴ አንድን አዲስ ዕቃ በብዛት ከማዘዙ በፊት ናሙናውን አስመጥቶ መመርመሩ የቆየ ልማድ ነው። ይሁን እንጂ ይኸው ጥንቃቄ ለኮምፒዩተር ሶፍትዌር ሲሆን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ይህን ጽሑፍ የማቀርበው እኔም ከዘንጊዎቹ አንዱ ነበርኩ።

ስለ ቅመማ ቅመምና ስለ ቅባት እህል ንግድ ያየሁትን በግል ጦማሬ መጻፍ ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። ጦማሩ ይገኝ የነበረው በነጻ በሚያገለግል አንድ የውጭ አገር ኩባንያ ዘንድ ነው። ባለፈው ዓመት ግን ኩባንያው አገልግሎቱን ከ60 ቀን በኋላ እንደሚዘጋ አስታወቀ። ከ140 የማያንሱ ጽሑፎች ነበሩኝ፤ በነርሱም ውስጥ አባቴ በሕይወት ሳሉ በመርካቶ ሱቃቸው ይጽፉባቸው የነበሩት የሂሳብ መዛግብት ፎቶግራፎች ይገኙ ነበር። መዛግብቱ ራሳቸው በውኃ ስለ ተበላሹ ከነዚህ ፎቶግራፎች በቀር ሌላ ቅጂ የላቸውም።

ስለዚህ ሦስት ሶፍትዌሮችን ለመሞከር ወሰንኩ። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ2003 ማት ሙለንዌግና ማይክ ሊትል ያወጡት ወርድፕሬስ ሲሆን፣ ጽሑፉን በዳታቤዝ፣ ሥዕሉን በተለየ ፎልደር ያስቀምጣል። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ጎስት ነው፤ ይኸውም ጽሑፍን ለአንባብያን በኢሜይል ለመላክ ያመቻል። ሦስተኛው በዚያው ዓመት የወጣው ሁጎ ዳታቤዝ አያስፈልገውም፤ ተራ የጽሑፍ ፋይሎችን ተቀብሎ የተዘጋጁ ገጾችን ያወጣል። የሦስቱም ኮድ ለሁሉ ክፍት ስለ ሆነ ለሶፍትዌሩ ዋጋ አይከፈልም፤ ነገር ግን የሰርቨርና የድረ ገጽ ስም ኪራይ መኖሩን መርሳት አይገባም።

ሰሊጥን በዓይንና በእጅ ስለ መለየት የጻፍኩትን አንድ ጽሑፍ በሦስቱም ላይ አወጣሁ። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ስለ ገባ ንባቡ በሁሉም ያማረ ሆነ። ሆኖም የገጹ አድራሻ በአማርኛ ሲጻፍ፣ አድራሻው ተገልብጦ በሚላክበት ጊዜ እያንዳንዱ ፊደል ወደ 9 ምልክቶች ሊለወጥ ይችላል። ስለዚህ አድራሻውን በላቲን ፊደል አሳጥሮ መጻፍ የተሻለ ሆኖ አገኘሁት። ሁጎ ፈጣንና ቀላል ቢሆንም ሥራው በትእዛዝ መስመር ስለሚካሄድ የሱቄ ረዳት አልለመደውም። ወርድፕሬስ በስልክም ይጻፍበታል፤ ዳሩ ግን በየጊዜው ካልታደሰ ለሌባ በር እንደ መክፈት ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ነገር የተገለጠው በመጨረሻ ነው። የቀድሞው ኩባንያ የሰጠኝን ፋይል በወርድፕሬስ ላይ ስጭን ጽሑፉም ፎቶግራፉም ተሟልቶ ታየኝ፤ እኔም ጉዳዩ አለቀ ብዬ ደስ አለኝ። የእኅቴ ልጅ ግን የፎቶግራፎቹን አድራሻ ተመልክቶ፣ «አጎቴ፣ ሥዕሎቹ እዚህ የሉም፤ ከአሮጌው ቤት እየመጡ ነው የሚታዩት» አለኝ። በእርግጥም ፋይሉ የያዘው ጽሑፉንና የሥዕሎቹን አድራሻ ብቻ ኖሯል። ኩባንያው በተዘጋ ዕለት የአባቴ መዛግብት ባዶ ሣጥን ሆነው በቀሩ ነበር። ቀኑ ገና ስላላለፈ ሥዕሎቹን አንድ በአንድ አውርደን በእጃችን አስገባናቸው።

እኔ ለሥራዬ የሚስማማኝን ወርድፕሬስን መርጫለሁ፤ ለሌላው ሌላው ይሻለው ይሆናል። የማንኛውም ምርጫ መመዘኛ ግን አንድ ነው፤ ይኸውም ንብረትን ይዞ ለመውጣት ማስቻሉ ነው። በየወሩ ዳታቤዙንና የሥዕሉን ፎልደር፣ ሁለቱንም፣ በተለየ ዲስክ ላይ እገለብጣለሁ።

የዕቃ ዝርዝራችሁንና የሥራ ታሪካችሁን በሰው ቤት ያኖራችሁ ነጋዴዎች ሁሉ፣ ቁልፉ በማን እጅ እንደ ሆነ ዛሬውኑ መርምሩ። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ።