50 ኪሎ ሜትር በበረባሶ፦ ስለ እግር፣ ስለ ጫማና ስለ ስምጥ ሸለቆ መንገድ



የዛሬው ንግግሬ ርእስ የመነጨው ከተማሪዎቼ ጥያቄ ነው። ወደ አዳማ፣ ወደ ዝዋይና ወደ ላንጋኖ ለሩጫ ከሚመጡ የውጭ አገር ሰዎች መካከል፣ ሶሉ ስስ የሆነና በማሰሪያ ብቻ የተያዘ ነጠላ ጫማ ተጫምተው ከማራቶን የሚረዝም የገጠር መንገድ የሚሮጡ አሉ። ተማሪዎቼ «ይህ ሳይንስ ነው ወይስ ፋሽን?» ይሉኛል። በመንገድ ዳር ቆሞ የሚያያቸው ገበሬ ጥያቄው ሌላ ነው፤ «ገንዘብ ያለው ሰው እኛ የተውነውን በረባሶ ምን ብሎ ፈለገው?» ሁለቱም ጥያቄዎች መልስ ይገባቸዋል። የሚከብደው ግን የገበሬው ነው፤ ስለዚህ እርሱን ሳልመልስ ከዚህ መድረክ አልወርድም።

አስቀድመን ስለ ርቀቱ እንስማማ። ማራቶን 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ነው፤ ከዚያ የሚያልፍ ሩጫ ሁሉ አልትራ ማራቶን ይባላል። ከአዳማ ተነሥቶ ሶደሬ ፍል ውኃ ደርሶ መመለስ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ እዚሁ ደጃፋችን ላይ ያለ አልትራ ማራቶን ነው። ያውም ሲሄዱ ወደ አዋሽ ሸለቆ ቁልቁል፣ ሲመለሱ ፀሐይ ከከረረች በኋላ ሽቅብ ነው። አንድ እርምጃ አንድ ሜትር ቢሆን ሯጩ እያንዳንዱን እግሩን 25,000 ጊዜ መሬት ላይ ያሳርፋል። በየማረፉም ከሰውነቱ ክብደት ሁለት እጥፍ በላይ የሆነ ኃይል ይቀበላል። የጫማ ክርክር ሁሉ መነሻው ይኸው ነው፤ ያንን ኃይል 25,000 ጊዜ ማን ይሸከመው? ስፖንጁ? አጥንቱ? ወይስ የባት ጡንቻ?

በረባሶ ለብዙዎቻችሁ እንግዳ አይደለም። ካረጀ የመኪና ጎማ ይቆረጣል፤ ማሰሪያው ከዚያው ጎማ ወይም ከውስጠኛው ላስቲክ ይበጃል። ጥሩ ሠሪ ሽቦ የሌለበትን ጎማ ይመርጣል፤ ሶሉ እያለቀ ሲሄድ ሽቦው ወደ ውስጠ እግር ይወጣልና። የተረከዙና የፊቱ ውፍረት እኩል ነው፤ ጣትን አያጣብቅም፤ የውስጠ እግርን ቅስት የሚደግፍ ነገር የለውም። ዛሬ በውጭ አገር በውድ የሚሸጠው «አነስተኛ ጫማ» የሚመካባቸው ባሕርያት እነዚሁ ናቸው። ልዩነቱ ክብደቱ ነው። በእያንዳንዱ እግር ላይ 100 ግራም ሲጨመር ሯጩ የሚያወጣው ጉልበት በአንድ ከመቶ ገደማ እንደሚጨምር በተደጋጋሚ ተለክቷል፤ የመኪና ጎማ ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ በረባሶ በቅርጹ «አነስተኛ» ቢሆንም በሚዛን አነስተኛ አይደለም። ወይዘሮ ቤተልሔም ጥላሁን በአዲስ አበባ ዘነበወርቅ ሰፈር ያቋቋሙት ሶልሬብልስ ይህንኑ የጎማ ሶል አሻሽሎ ለዓለም ገበያ ማቅረቡንም በዚህ አጋጣሚ ላስታውስ።

ነጠላ ጫማን በዓለም የአልትራ ማራቶን መድረክ ያስታወቁት ግን እኛ ሳንሆን በሰሜን ሜክሲኮ ሸለቆዎች የሚኖሩት ራራሙሪዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1993 (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ካልገለጽሁ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ቪክቶሪያኖ ቹሮ የተባሉ የ55 ዓመት ሰው ከጎማ የተሠራ ነጠላ ጫማ ተጫምተው በአሜሪካ ኮሎራዶ የሚካሄደውን የ161 ኪሎ ሜትር የሌድቪል ውድድር አሸነፉ። ክሪስቶፈር ማክዱገል በ2009 ስለዚህ ሕዝብ የጻፈው መጽሐፍ እጅግ ተነበበ፤ በባዶ እግርና በስስ ሶል የመሮጥ እንቅስቃሴም ከዚያ ወዲህ ገነነ። እንቅስቃሴው እንደ አርማ የያዘው ሌላው ስም የእኛው አበበ ቢቂላ ነው።

የአበበን ታሪክ ሁላችን እናውቃለን ብለን ስለምናስብ በጥንቃቄ አናነበውም። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በእኛ የዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ አበበ በሮም ጎዳናዎች በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረ። በባዶ እግሩ የሮጠው የቀረበለት ጫማ ስላልተመቸው ነው፤ ሊሮጥ የቻለው ደግሞ እግሩ አስቀድሞ የለመደ ስለነበረ ነው። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ፣ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ስድስት ሳምንት ያህል ቆይቶ፣ ጫማ ተጫምቶ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገባ። ከሦስት ደቂቃ በላይ ፈጠነ ማለት ነው። ከሁለት ሩጫዎች ብቻ ሳይንስ አይወጣም፤ መንገዱም፣ አየሩም፣ የሰውየው ልምድም ተለውጠዋል። ሮምን ብቻ ጠቅሶ ቶኪዮን የሚዘል ሰው ግን ማስረጃ እያቀረበ ሳይሆን ዕቃ እየሸጠ ነው።

መሸጡም አልቀረም። ቪብራም የተባለው የጣሊያን ኩባንያ ጣት ጣት ካላቸው ስስ ጫማዎቹ አንዱን «ቢቂላ» ብሎ ሰየመው። የአበበ ቤተሰብ ያለ ፈቃድ ስማችንን ወሰደ ብሎ በ2015 በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት በሚገኝ ፍርድ ቤት ከሰሰ፤ ፍርድ ቤቱ ግን ክሱ እጅግ ዘግይቶ ቀርቧል በማለት በ2016 ዘጋው። በአንጻሩ ይኸው ኩባንያ «ጫማው ጡንቻ ያጠነክራል፣ ጉዳት ይቀንሳል» ብሎ ያለ በቂ ማስረጃ አስተዋውቋል ለሚሉ ገዢዎች በ2014 የ3.75 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ፈጽሟል። ገዢው ካሳ አገኘ፤ የስሙ ባለቤቶች ግን በሕግ የቀናቸው ነገር የለም። ለሕግ ተማሪዎች ጥሩ የመመረቂያ ጽሑፍ ይወጣዋል።

ወደ እግሩ እንመለስ። በዚህ ጉዳይ ላይ እጅግ ከሚጠቀሱት ጥናቶች ሁለቱ የተሠሩት በዚሁ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ሲሆን፣ የሚናገሩት ግን አንድ ዓይነት አይደለም። በ2010 የሃርቫርዱ ዳንኤል ሊበርማንና ባልደረቦቹ «ኔቸር» በተባለው መጽሔት ባወጡት ጥናት፣ በኬንያ ስምጥ ሸለቆ በባዶ እግራቸው የሚሮጡ ካለንጂኖች አብዛኛውን ጊዜ የሚያርፉት በእግራቸው ፊት ነው። በተረከዝ ሲታረፍ በመጀመሪያዎቹ ሚሊ ሰከንዶች የሚታየው ድንገተኛ ግጭት በእነርሱ ላይ እምብዛም አልታየም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የእግር ፊት ቀድሞ ሲያርፍ ተረከዝ በባት ጡንቻና በተረከዝ ጅማት ተይዞ በቀስታ ይወርዳል። ግጭቱ በጡንቻ ተለዘበ እንጂ አልጠፋም።

በ2013 ደግሞ ኬቨን ሃታላና ባልደረቦቹ በሰሜን ኬንያ በቱርካና ሐይቅ አጠገብ የሚኖሩ 38 ዳሰነቾችን አስሮጡ። ዳሰነቾች ወገኖቻቸው በእኛ ደቡብ ኦሞ ይኖራሉ፤ በባዶ እግር መሄድም ለእነርሱ የዕለት ተዕለት ኑሮ ነው። ይሁንና በሚመቻቸው የረጅም ርቀት ፍጥነት ሲሮጡ 72 ከመቶ የሚሆነው እርምጃቸው በተረከዝ የሚያርፍ ሆኖ ተገኘ። ፍጥነት ሲጨምሩ ወደ መሐል እግር የማረፉ ነገር ከፍ አለ። እንግዲህ «ባዶ እግር ያለው ሰው በተፈጥሮ እንዲህ ይሮጣል» የሚባል አንድ ሕግ የለም። ፍጥነቱ፣ መሬቱና የሩጫ ልምዱ ሁሉ የየድርሻቸውን ይወስናሉ።

ሸክሙ ከተረከዝ ወደ ባትና ወደ እግር አጥንቶች መዛወሩ ዋጋ እንዳለውም ታይቷል። በ2013 በታተመ ሌላ ጥናት፣ ልምድ ካላቸው 36 ሯጮች መካከል 19ኙ በአሥር ሳምንት ውስጥ ወደ ስስ ጫማ እንዲሸጋገሩ ተደረገ። ከእነዚህ አሥሩ በእግራቸው አጥንት መቅን ላይ እብጠት ታየባቸው። እብጠቱ አጥንት ከአቅሙ በላይ እየተሸከመ መሆኑን የሚያሳይ ምልክት ነው፤ ካልታረፈበት ወደ ስንጥቅ ሊያድግ ይችላል። ልብ በሉ፤ እነዚህ ጀማሪዎች አልነበሩም። ሳንባቸውና ልባቸው ዝግጁ ነበር፤ ያልተዘጋጀው አጥንታቸው ነው። ልብ በሳምንታት ይለምዳል፤ አጥንትና ጅማት ወራትን፣ ምናልባትም ዓመታትን ይጠይቃሉ። ልጅነቱን በባዶ እግር ያሳለፈ ሰው ያንን ጊዜ ሳያውቀው ከፍሏል። በሠላሳ አምስት ዓመቱ ከአውሮፓ መጥቶ ነጠላ ጫማ ያሠረ እንግዳ ግን ገና አልከፈለም።

የፍጥነት ውድድር መልሱን ከሰጠ ቆይቷል። በ2023 ትዕግሥት አሰፋ በርሊን ላይ በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ የዓለምን ክብረ ወሰን ስትሰብር የተጫማችው 138 ግራም የሚመዝን፣ ወፍራም ግን ቀላል ስፖንጅ ያለው ጫማ ነበር። በመድረሻው ላይ አንሥታ ስማዋለች። ዘመናዊው ስፖንጅ ጉልበት ይቆጥባል፤ በዚህ ላይ መከራከር ከንቱ ነው። ነጠላ ጫማ የሚፈለግበት ቦታ ሌላ ነው፦ ቀስ ብሎ፣ እየተራመዱና እየሮጡ፣ ጅረት እየተሻገሩ፣ መሬቱን በእግር እየዳሰሱ የሚጓዙበት ረጅም መንገድ። እኔ ራሴ በአዋሽ ዳር ስሮጥ ነጠላ ጫማ የምመርጠው ለፍጥነት ብዬ አይደለም፤ ውኃ ገብቶበት ወዲያው ስለሚወጣና ስለሚደርቅ ነው።

አሁን ወደ ገበሬው ጥያቄ። ከፍ ባሉና ዝናም በሚበዛባቸው፣ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ ቀይ ሸክላ አፈር ባላቸው ደጋማ አካባቢዎቻችን ለዓመታት በባዶ እግር የሄደ ሰው የእግር ዝሆኔ ሊይዘው ይችላል። በትንኝ ከሚተላለፈው ዝሆኔ የሚለየው በሽታው ከተሕዋስ አለመምጣቱ ነው። ጥቃቅን የአፈር ማዕድናት በእግር ቆዳ ገብተው የሊምፍ መተላለፊያዎችን ያስቆጣሉ፤ እግሩም እያበጠ ይሄዳል። ይህንን በኢትዮጵያ ሲያገለግል የኖረው እንግሊዛዊ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ አጥንቶ ፖዶኮኒዮሲስ የሚል ስም ሰጠው። በ2012 ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቹ ባወጡት ጥናት ደግሞ ለበሽታው መጋለጥ በዘር የሚወረስ ድርሻ እንዳለው ታየ። አንድ ቤተሰብ ውስጥ ሲደጋገም አይቶ ሰው «የዘር ርግማን ነው» ይል ነበር፤ ጋብቻ የተከለከሉ፣ ከማኅበር የተገለሉ ብዙዎች ናቸው። መከላከያው ግን በየቀኑ እግርን በሳሙና መታጠብና ጫማ መጫማት ነው፤ ያውም የተሸፈነ ጫማ። በረባሶ ከባዶ እግር ይሻላል እንጂ አቧራና ጭቃን አያስቀርም።

እንግዲህ ገበሬው የሚጠይቀው ስለ ፋሽን አይደለም። ለእርሱ የተሸፈነ ጫማ ማለት የልጁ እግር ከበሽታ የሚድንበት፣ ልጁም ትምህርት ቤት ሳያፍር የሚገባበት ነገር ነው። የእንግዳው ነጠላ ጫማ ደግሞ ማታ ሆቴል ገብቶ የሚያወልቀው ምርጫ ነው፤ ለጥቂት ቀናት በአፈራችን ላይ ስለሮጠ ዝሆኔ አይይዘውም። ሁለቱ ጫማዎች ቢመሳሰሉም አንድ አይደሉም። «ኢትዮጵያውያን የሚያሸንፉት በባዶ እግር ስላደጉ ነው» የሚለውን ተረት አጥብቄ የምቃወመውም በዚህ የተነሣ ነው። ሊበርማን ራሱ በ2020 ከራራሙሪ ተወላጆችም ጋር ሆኖ በጻፈው ጽሑፍ፣ እነዚህን ሰዎች «በተፈጥሯቸው ሯጭ የሆኑ የዱር ሰዎች» አድርጎ የመሣሉን ልማድ ተችቷል፤ እነርሱም እንደ ማንኛውም ሰው እየደከሙና እየታመሙ የሚሮጡ ናቸው። የበቆጂና የአሰላ ልጆችም ያሸነፉት በሥልጠና ነው። ከድህነት ያተረፉት ነገር ካለ፣ ከድህነቱ የከፈሉት ይበልጣል።

ይህ ሁሉ ተነግሮም በነጠላ ጫማ ስምጥ ሸለቆን ለመሮጥ የሚመጣ ይኖራል፤ ሊከለከልም አይገባውም። በአቢያታ–ሻላ ሐይቆች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ኢትዮትሬይል የተባለው፣ እስከ 42 ኪሎ ሜትር የሚደርስ ውድድር ሲካሄድ የውጭ እንግዶችም ተካፍለውበታል። አስጎብኚ ሆናችሁ ለምትሠሩ ተማሪዎች የምነግራችሁ ስለ መሬቱ ነው። በሐይቆቹ ዙሪያ ያለው ፈካ ያለ አመድማ አፈር ለእግር ለስላሳ ነው፤ ከማሰሪያው ሥር ሲገባ ግን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል፤ ቆዳው ውኃ ሳይቋጥር ቆሞ ማራገፍ ያስፈልጋል። በዝዋይ አቅራቢያ በጋደሞታ የሰው ልጅ ከ276,000 ዓመት በፊት መሣሪያ የጠረበበት ባልጩት ዛሬም በየመንገዱ ተበትኗል፤ ስለቱም አልደነዘዘም። በመተሐራና በአዋሽ በኩል የተስፋፋው ፕሮሶፒስና በየሜዳው ያለው ግራር እሾሃቸው ስስ ሶልን ይበሳል፤ በዚያ በኩል ወፍራሙ በረባሶ ከውዱ የውጭ ጫማ ይሻላል። ቁልቁለት ላይ ትልቁ ጠላት እንቅፋት ነው። ቋንቋችን ለችግር ሁሉ ስም ያደረገው ይህንን የእግር ጣት ግጭት መሆኑ ያለ ምክንያት አይመስለኝም።

እንግዳችሁ ከመምጣቱ በፊት ቢያንስ ስድስት ወር በሳምንት ጥቂት ኪሎ ሜትር እየጨመረ በዚያው ጫማ መለማመዱን ጠይቁት። ካልተለማመደ ሙሉውን መንገድ በለመደው ጫማ ይሩጥ፤ ነጠላውን ለወንዝ መሻገሪያ ይያዘው። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት መውሰዱንም አረጋግጡ። ከውኃና ከጨው ጋር ደግሞ ጫፉ የሚገጥም ወረንጦ በኪሳችሁ ይኑር፤ ገጠር ያደገ ሰው ያለ እርሱ መንገድ አይወጣም፤ በስተኋላ የተሰበረ እሾህ በጥፍር አይወጣምና።