ሀብትንና ዕዳን ለይቶ ስለ ማወቅ፤ ከዕቁብ እስከ ምድር ባቡር

የሒሳብ መዝገብ አያያዝ ለባንክና ለመሥሪያ ቤት ሠራተኞች ብቻ የሚያስፈልግ ትምህርት የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን በዛሬው ጊዜ አክሲዮን የሚገዛው ደመወዝተኛውም፣ ቸርቻሪውም፣ የእጅ ሙያተኛውም ስለ ሆነ፣ የትምህርቱን መሠረት ማወቅ ለሁሉም ይጠቅማል። አሳባችን ይህን መሠረት በሁለት ምሳሌ ማስረዳት ነው። አንዱን ከሰፈር ዕቁብ፣ ሁለተኛውን ከምድር ባቡር ታሪክ እንወስዳለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በፈረንሳይ ለጋሲዮን አሥር ሰዎች በየወሩ 1,000 ብር የሚጥሉበት ዕቁብ አለ እንበል። የመጀመሪያው ዕጣ ለአንድ ልብስ ሰፊ ወጣና 10,000 ብር ተቀበለ። በዚያ ቀን የዚህ ሰው የራሱ ገንዘብ ስንት ነው? እጁን ብቻ ያየ ሰው 10,000 ነው ይላል። መዝገብ የሚያውቅ ግን ወረቀቱን ለሁለት ይከፍላል፤ በአንዱ ወገን በእጁ ያለውን 10,000 ብር፣ በሌላው ወገን በዘጠኝ ወር የሚከፍለውን 9,000 ብር ዕዳና የራሱን 1,000 ብር ይጽፋል። ሁለቱ ወገኖች ምን ጊዜም እኩል ናቸው። ይህ የሒሳብ ሚዛን ይባላል። በእጅ ያለ ሀብት ሁሉ የተገኘው ወይ በብድር ወይ ከባለቤቱ ነውና። የዕቁቡ ዳኛ አስቀድሞ ዕጣ ከወጣለት ሰው ተያዥ የሚጠይቀውም ይህን ስለሚያውቅ ነው።

አሁን ልብስ ሰፊው በ10,000 ብር የስፌት መኪና ገዛ እንበል። ሚዛኑ አልተዛባም፤ በገንዘቡ ፈንታ መኪናው ተጻፈ። ነገር ግን በሚቀጥለው ወር የዕቁቡ ቀን ሲደርስ ከመኪናው ላይ ሸርፎ መጣል አይቻልም። ስለዚህ ሁለተኛ ጥያቄ ይነሣል፤ መኪናው ዕዳው በሚከፈልበት ቀን ጥሬ ገንዘብ አስገብቷልን? ሀብት መኖሩ አንድ ነገር ነው፤ በጊዜው መክፈል መቻል ሌላ ነው።

ይኸው ነገር በትልቅ ኩባንያ ላይ እንዴት እንደሚደርስ የምድር ባቡሩ ያሳየናል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1894 ለስዊስ ተወላጁ ለአልፍሬድ ኢልግ የ99 ዓመት ፈቃድ ሰጡ። የታሰበው መንገድ ከጂቡቲ ወደ ሐረር፣ ከሐረር ወደ እንጦጦ፣ ከዚያም ወደ ከፋና ወደ ነጭ ዐባይ የሚሄድ ነበር። ኢልግና ፈረንሳዊው ሊዮን ሼፍኖ ኩባንያ አቋቁመው ሥራው በ1897 ተጀመረ። ባቡሩም በ1902 መጨረሻ፣ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ፣ ድሬዳዋ ደረሰ።

በአክሲዮን የተሰበሰበው ገንዘብ ለሥራው ስላልበቃ ኩባንያው ተበድሮ ነበር። የብድር ወለድ ቀኑን ጠብቆ ይመጣል፤ ሐዲዱ ግን ገና እመንገድ ላይ ቆሞ ነበር። ነጋዴው ዕቃውን ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ የሚያደርሰው በግመልና በበቅሎ ስለ ነበረ፣ የጭነቱ ገቢ ዕዳውን ሊሸከም አልቻለም። በ1902 የፈረንሳይ መንግሥት ለኩባንያው በየዓመቱ 500,000 ፍራንክ ለ50 ዓመት ለመስጠት ተዋዋለ። ውሉ ግን መንግሥቱን በኩባንያው ላይ ባለሥልጣን የሚያደርግና ያለ ምኒልክ ፈቃድ የተደረገ በመሆኑ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ተቆጥተው ሥራው እንዳይቀጥል ከለከሉ። በእንጦጦ ግርጌ የሚገኘው ለሰፈሩ ስሙን የሰጠው የፈረንሳይ ለጋሲዮን በዚያ ዘመን ከያዛቸው ዋና ጉዳዮች አንዱ ይኸው ነበር። ኩባንያው በ1907 ከሰረ።

ልብ እንበል፤ ሐዲዱ አልጠፋም፤ የጠፋው ዕዳ የሚከፈልበት ጥሬ ገንዘብ ነው። በ1908 የተቋቋመው የፈረንሳይና የኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኩባንያ ያንኑ ሐዲድ አስቀጥሎ በ1917 አዲስ አበባ አስገባው። ኩባንያ ሲከስር አስቀድሞ የሚከፈለው አበዳሪው ነው፤ ባለአክሲዮኑ የተረፈ ካለ መጨረሻ ይደርሰዋል።

ይህ ለዛሬው አንባቢ የሩቅ ወሬ አይደለም። በ2024 ኢትዮ ቴሌኮም ከድርሻው 10 በመቶውን ለሽያጭ ሲያቀርብ የአንዱ አክሲዮን ዋጋ 300 ብር፣ ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን፣ ማለት 9,900 ብር ነበር። በ2025 ደግሞ የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ሥራ ጀመረ። እንግዲህ የአንድ ዕቁብ ዕጣ ባለአክሲዮን ለማድረግ ይበቃል። ገዢው የማንኛውንም ኩባንያ የሒሳብ ሚዛን ሲመለከት ሦስት ነገር ይጠይቅ፤ ከሀብቱ ምን ያህሉ በብድር የተገኘ ነው? ዕዳው የሚከፈለው መቼ ነው? እስከዚያ ቀን የሚገባው ጥሬ ገንዘብ ይበቃልን?

እነዚህኑ ጥያቄዎች ለራሱም ያቅርብ። የአክሲዮን ትርፍ ቢገኝ በዓመት አንድ ጊዜ ነው፤ ዕቁብ ግን በየወሩ ይጣላል። የመጀመሪያውን ዕጣ ወስዶ፣ ሌላ ገቢ ሳይኖረው፣ ሁሉን በአክሲዮን ላይ ያዋለ ሰው፣ ድሬዳዋ ላይ የቆመውን ባቡር በቤቱ ደገመው ማለት ነው።